አልተከልም

የኮባ ቅጠል እሳት ሲነካው ዝም ብሎ አይለሰልስም። መጀመሪያ ያንሾካሹካል፣ ቀጥሎ ላብ ላብ ይለዋል፣ ከዚያ አረንጓዴው ጠቆር ይልና የእርጥብ አፈር፣ የተቀቀለ ጎመንና ዝናብ የመታው ሣር ሽታ አንድ ላይ ተደባልቆ ቤቱን ይሞላዋል። ትናንት ለግንቦት ልደታ ዳቦ ልድፋ ብዬ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመንገድ ዳር የገዛሁትን ቅጠል በኤሌክትሪክ ምድጃዬ ላይ ሳገላብጥ ያ ሽታ ሳሎን ድረስ ዘለቀና መስኮቱ ሥር የምታንቀላፋውን አክስቴን ቀሰቀሳት።

«ማነው እንሰት የሚያቃጥለው?» አለች።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። አባዬ እቴቴ ይላት ስለነበር እኔም እቴቴ እላታለሁ። ከቡታጅራ ወዲያ ካለው መንደሯ ያመጣኋት ለዐይኗ ነው፤ የአንደኛው ሞራ ተገፍፎላት በፋሻ ተሸፍኗል፣ ሁለተኛው ተራውን ይጠብቃል። እሷ ግን ተራ የሚባል ነገር አትወድም። ከመጣች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ አሁን መኪና መጥቶ የሚወስዳት ነው የምትመስለው። ክረምት ሳይገባ ጓሮዬን ልይ ትላለች። በሰንጋ ተራ በኩል የቆሙትን ክሬኖች ባንድ ዐይኗ ትቃኝና «እነዚህስ መቼ ነው የሚቀመጡት?» ብላ ትጠይቀኛለች።

የምትጠይቃት ሴት ደግሞ የባሰባት ናት። አርፎ መቀመጥ እኔ ላይ አልፈጠረብኝም። ሻይ አፍልቼ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል፣ ወንበር ላይ የምቀመጠው በአንድ ጎኔ ነው፣ ጉልበቴን እያመመኝ ያንን ሁሉ ደረጃ በረባ ባልረባው እወርዳለሁ፣ ታች ስደርስ ለምን እንደወረድኩ ይጠፋኛል። ጎረቤቶቼ «ይሄ ፎቅ ሊፍት ቢኖረው ኖሮ ስንዱ ብቻዋን ትጨርሰው ነበር» እያሉ ይስቁብኛል። ከአልጋዬ ሥር ዚፗ ተዘግቶ የማያውቅ ሻንጣ አለች፤ የት እንደምሄድባት እኔም አላውቅም፣ ግን እሷ ከሥሬ ከሌለች እንቅልፍ አይወስደኝም። ለዚህ ሁሉ አመሌ ቤተሰቡ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ስም አውጥቶልኛል። «አልተከልም» ነው የሚሉኝ።

ስሙ እንዴት እንደወጣልኝ ስንት ቦታ አውርቼዋለሁ። ሠርግ ላይ አውርቼዋለሁ፣ መሥሪያ ቤት አውርቼዋለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥም አውርቼው ሰው አስቄበታለሁ። እንግዲህ እዚህም ላውራው።

ያኔ ልደታ ፎቅ አልነበረም። ግቢያችን የጋራ ነው፤ ቧንቧው የጋራ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ የጋራ፣ ጠቡም የጋራ። በቤቶቹ መሐል ያለው መተላለፊያ ከመጥበቡ የተነሣ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንደኛው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው ሌላውን የሚያሳልፈው፤ የተኳረፉ ሴቶች እዚያ መሐል ሲገጣጠሙ ማን ይለጠፍ በሚል ስንት ነገር ተነሥቷል። እናቴ ያረፈችው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። ከሷ የማስታውሰው የሹራቧን ክንድና ሳል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴም አባቴም አባዬ ሆነ፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በምትገኘው ሱቁ ውስጥ፣ በላምባው በርሜልና በሳሙናው ካርቶን መሐል፣ የስኳር ጆንያ ላይ እያስተኛ አሳደገኝ። ፀጉሬን የሚሠራኝ ራሱ ነበር። የሚያውቀው ቋጠሮ የጆንያ አፍ ማሰሪያ ብቻ ስለነበር እኔም እንደ ጆንያ ታስሬ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው፤ ማታ ሲፈታልኝ ዐይኖቼ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ገበያተኛ ሲበዛ እኔን ይረሳኛል። አንድ ቀን በሩን ከውጭ ቆልፎብኝ ቤቱ ደርሶ፣ እራት አቅርቦ ሊጠራኝ አፉን ሲከፍት ነው ትዝ ያልኩት።

የዚያን ዕለት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ሰፈሩ እስኪሰማ ተቆጡት። እትዬ ጥሩነሽ የልደታ ሰው ናቸው፤ አያታቸውም ልደታ ነው የተቀበሩት፤ የግቢው ዳኛም፣ አዋላጅም፣ የዳቦ ሊቅም እሳቸው ናቸው። «ጋሽ ሀብቴ፣ ሴት ልጅ ሱቅ ውስጥ እንደ ዕቃ አትቀመጥም» አሉት። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። እሱ በባሕርዩ ለሚቆጣው ሰው ሁሉ ስኳር የሚመርቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን የሚመርቀው ነገር አልነበረውም።

የመስቀል ሰሞን ደረሰና «አገርሽን ላሳይሽ» አለኝ። ደስታዬን መቻል አቃተኝ። አባዬ ሻንጣ አውጥቶ ያለኝን ልብስ በሙሉ ከተተው፤ የክረምት ሹራቤን፣ ገና ልኬ ያልሆነውን ጫማ፣ የእናቴን የአንገት ልብስ ሳይቀር። እትዬ ጥሩነሽ አንገቴ ሥር ገብተው አለቀሱ። እኔ አገር ቤት ማለት በጣም ሩቅ ቢሆን ነው ብዬ ኮራሁ።

መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረውም። ከዓለም ገና እንደታጠፍን አቧራው በመስኮቱ፣ በወለሉ፣ በማላውቀው ቀዳዳ ሁሉ እየገባ ተሳፋሪውን አንድ ቀለም ቀባው፤ አውቶቡሱ ቡኢ ሲቆም ሴቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ሳቁ። ትንንሾቹ ከተሞች ያኔ አንድ መንገድና ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ሱቆች ነበሩ፤ በየሱቁ ደጃፍ አንድ የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ የሚያዛጋ ውሻ፣ አንድ አባዬን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ቡኢ ሸንኮራ ገዛልኝ፣ ከላ ሙዝ ገዛልኝ፣ ያየሁትን ሁሉ ገዛልኝ። አባዬ ቆጣቢ ሰው ስለነበር የመስቀል ጸጋ መሰለኝ። መሐል መንገድ ላይ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ «እቴቴን አንቺ ነው የምትያት፣ እሺ? አንቱ አትበያት። እናትን አንቱ አይባልም» አለኝ። ልደታ ውስጥ ለትልቅ ሰው አንቱ ሳይሉ መዋል በጥፊ ያስመታል። እንዲህ ያለ ነፃነት ያለበት አገር መኖሩ ገረመኝ።

ተራራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እንጦጦን ከሩቅ ዐውቀዋለሁ፣ እሱ ግን ከተማው ላይ የተደገፈ ነው እንጂ ብቻውን አይቆምም። እዚያ ግን ሜዳው መሐል ክምር ክምር የሚያህሉ፣ አናታቸው የጎደለ ኮረብቶች በቅለዋል፤ ከኋላቸው ዘቢዳር ደመናውን ተከናንቦ ቆሟል። የተቦረቦረው ድንጋይ ቀይ ነው፣ በእጅ ሲያነሡት እንደ ደረቅ ዳቦ ይቀልላል። አባዬ ይሄ ሁሉ ድሮ እሳት እንደነበር፣ መሬቱ ተቀድዶ እሳቱ ፈስሶ ኋላ እንደተኛ ነገረኝ። ቢነቃስ ብዬ ስጠይቀው አይነቃም አለኝ። እኔ ግን እዚያ አገር በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ቀስ ብዬ ነው የረገጥኩት።

ሐረ ሸይጣን የሚሉትም ቦታ ወሰደኝ። ሜዳው ላይ እየሄዱ ሳለ መሬቱ ድንገት ያልቅና ከታች፣ በጣም ከታች፣ አረንጓዴ ውኃ ተኝቶ ይታያል። ከአፋፉ ላይ ድንጋይ ወርውሮ ውኃውን የሚመታ የለም ይባላል። እኔ ወረወርኩ፤ ገደሉ ዋጠው። አባዬም ኮቱን አውልቆ ወረወረ፤ የሱንም ዋጠው። ከዚያ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አፋፉ ላይ ተቀመጠ። «እዚህ አገር ብትኖሪ በየቀኑ እየመጣሽ ትሞክሪ ነበር» አለኝ። እኔ ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ይበቃኛል አልኩት።

እቴቴ መንደሩ ጫፍ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ረጅም፣ ቀጥ ያለች ሴት ነበረች፤ ባሏ ቀድሞ ሞቶባት፣ ልጅ ሳይወልዱ ቀርተው፣ ያንን ሁሉ ጓሮ ብቻዋን ነበር የምትይዘው። መንደራቸው በሁለት ረድፍ የተሰለፉ ክብ ቤቶች ናቸው፤ በመሐላቸው ጀፎረ የሚሉት ሰፊ የሣር መንገድ አለ፤ ከብቱም፣ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ልጁም እዚያ ነው። በልደታ መተላለፊያ በጎኔ እየሄድኩ ያደግሁት ልጅ ያንን ስፋት ሳይ ምን እንደማደርግበት ጠፋኝ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጥኩ፣ ተመልሼ ሮጥኩ፣ ወድቄ ሳቅሁ። ከቤቶቹ ኋላ እንሰቱ ነው። ውስጡ ሲገቡ ብርሃኑ ራሱ አረንጓዴ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ድምፁ ቀድሞ ይሰማል እንጂ ጠብታው ቶሎ አይደርስም።

እቴቴ ብዙ ነገር አዘጋጅታልኝ ነበር። ከመኝታዋ አጠገብ ትንሽ መኝታ አለች፣ አዲስ። ክትፎ የምበላባት በእጄ ልክ የተሠራች ጣባ አለች። ነጭ ግልገል አለች፤ «ይቺ ያንቺ ናት፣ ስም አውጪላት» አለችኝ። የአባዬን የጆንያ ቋጠሮ ፈታችና ራሴን ቅቤ ቀብታ ሹሩባ ሠራችኝ፤ እጇ አይቸኩልም፣ አያምም። የዚያን ዕለት ዐይኖቼ በቦታቸው ዋሉ።

ደመራው ተለኩሶ፣ በዓሉ አልፎ፣ ሰዉ ገና እየጠገበ ሳለ አንድ ከሰዓት በኋላ ከግልገሏ ጋር ድብብቆሽ ስጫወት እንሰቱ ውስጥ ገባሁ። ከቅጠሎቹ ወዲያ አባዬና እቴቴ ቆመው ያወራሉ። የሚያወሩት በጉራጊኛ ነው። እኔ ጉራጊኛን በጆሮዬ ነው የማውቀው፤ ሱቃችን ውስጥ ስለሚወራ እሰማዋለሁ፣ ምላሴ ግን አይመልሰውም። እንዲህ ነበር ነገራቸው፤

«እዚያ አፈሩ አይሆናትም» ይላል አባዬ። «ግቢው ጠባብ ነው። የሚያያት ሰው የለም።»

«ልጅነቷ ሳለ ነው» ትላለች እቴቴ። «ካደገች ወዲያ ማዛወር ይከብዳል። አሁን ትተከል።»

«ብትጠወልግስ?»

«መጀመሪያ ትንሽ ትጠወልጋለች። ሁሉም ይጠወልጋል። ሥር ስትሰድ ትለምዳለች።»

ግልገሏን ለቅቄ ከቅጠሎቹ መሐል ወጣሁ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፤ ግን ጀፎረው ላይ የነበሩት ልጆች ሁሉ ጨዋታቸውን ትተው እንደመጡ አስታውሳለሁ። በአማርኛ ነው የጮህኩት፤ «አልተከልም! እኔ አልተከልም!» እያልኩ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ የአባዬን እግር ይዤ ሱሪው እስኪወልቅ ጎተትኩት።

አባዬ አየኝ፣ ቀጥሎ እቴቴን አያት። ከዚያ አባዬ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀና በጣቱ ከአጥሩ ሥር ያለችውን ትንሽ የእንሰት ችግኝ አሳየኝ። «ስለሷ እኮ ነው የምናወራው ሞኟ። ልደታ ልወስዳት አስቤ፣ አፈሩ አይሆናትም ብዬ ትቼው ነው» አለኝ። ከዚያ ወደ እቴቴ ዞሮ «እንዲህ ካለቀሰችላትማ እንወስዳታለን» አላት። እቴቴ ትንሽ ዘገየች፤ ኋላ እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። መንደርተኛው ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። አባዬ እዚያው ኮቱን አውልቆ ችግኟን ከነአፈሯ ነቅሎ በጆንያ ጠቀለላት፤ የሚያውቀውንም ቋጠሮ አሰረባት።

በማግስቱ ተመለስን። ሻንጣዬ እንደ አመጣጧ ሞልታ፣ ችግኟ ጭኔ ላይ ተቀምጣ፣ ግልገሏ ብቻ ቀረች። እቴቴ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችን።

እንግዲህ ቤተሰቡ ሲስቅበት የኖረው ታሪክ ይሄ ነው፤ ከእንሰት ችግኝ ጋር የተምታታችው የልደታ ልጅ። የሰው ልጅ ሆና ተከላ የፈራች።

ችግኟን ቧንቧው አጠገብ ተከልናት። አባዬ ያለ አመሉ ሥራ ፈቶ በየማታው ያያታል፣ ሱቅ ሲዘጋ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለሷ ነው። መጀመሪያ ጠወለገች፤ ሁለታችንም ለየብቻችን ተጨነቅን። ኋላ ግን የፈሰሰ ውኃ ሁሉ የሷ ሆነና ግቢውን ሞላችው። የልብስ ማስጫውን ገመድ ገፋች፣ የእትዬ ጥሩነሽን መስኮት ጋረደች። እትዬ ጥሩነሽ ለዳቦ ቅጠል መግዛት ካቆሙ ወዲያ መስኮታቸውን ይቅር አሏት እንጂ ስሟን ግን ለመቀበል እምቢ አሉ። «ኮባ ናት» ይላሉ። «እንሰት ናት» ይላል አባዬ። «የምትበላዋ እንሰት ናት፣ ዳቦ የምትሸፍነዋ ኮባ ናት፤ ይቺ ምን ስታበላን አየህ?» ይሉታል። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ተከራከሩበት። በየዓመቱ ለግንቦት ልደታ ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ሲበትን፣ ዳቦውን ሲቆርስ፣ ዳቦው ሁሉ በእኛ ቅጠል ነው የተደፋው፤ እኔም የቅጠሉ ባለቤት ስለሆንኩ መጀመሪያ ይቆረስልኛል።

ኮረዳ ሳለሁ እንሰቷ አበባ ልታወጣ ደረሰች። እንሰት አንዴ ካበበች ትሞታለች። ሰው ሁሉ ፋቃትና ቆጮ አድርጋት አለው፤ አባዬ አልበላትም አለ። ነቅሎ ሥሯን ሰነጠቀና አፈር አለበሰው። ሰው ቀብር መሰለው። ከወራት በኋላ ከዚያ አንድ ሥር ስንት ችግኝ እንደወጣ ስናይ እትዬ ጥሩነሽ አማተቡ። አባዬ ለየጎረቤቱ አደለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልደታ፣ ከቆርቆሮው በላይ አረንጓዴ ጆሮውን ያቆመው ሁሉ፣ የዚያች ጭኔ ላይ የመጣች ችግኝ ዘር ነበር። አባዬ በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ቤት አረፈ። ቤቶቹ ለልማት ሲፈርሱ አላየም፤ እሱንስ እግዜር ወዶት ነው። እኛ «ተነሺ» የሚል ስም ወጣልን፤ ሁላችንም ተነቅለን የትም ተበተንን። እኔ ስንት ቦታ ተከራይቼ ስዞር ቆይቼ የልደታ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ደረሰኝ። ችግኝ ግን ማንም አልነቀለም። በነቃቀልነው ዕቃ መሐል ያ ለማን ትዝ ይለዋል።

እኔም በበኩሌ ስሜን አላሳፈርኩትም። መሥሪያ ቤት ለወጥኩ፣ ሰፈር ለወጥኩ፣ ሦስት ቀን ሳልቆይ መጋረጃ ቀየርኩ። ያገባሁት ሰው ደግ ሰው ነበር፤ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር እንዳወጣ ለምኖ ለምኖ ሲያቅተው «አንቺን ማግባት አውቶቡስ ተራ መኖር ነው» ብሎኝ በሰላም ተለያየን። ይሄ አለመርጋት ከየት መጣብኝ ብዬ ስጠይቅ ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። ስትወለጂም አልተከልም ነሽ ይሉኛል፣ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። እቴቴ መስቀል በመጣ ቁጥር ቆጮና ቅቤ ስትልክ በመልእክተኛው አፍ «አልተከልም ደኅና ናት?» ትል ነበር። በዓመት አንዴ እሄዳለሁ እያልኩ፣ መቶ ጊዜ እየተነሣሁ፣ ጥቂት ጊዜ ነው የሄድኩት።

ትናንት እንግዲህ ቅጠሉ ለስልሶ፣ እኔ ድስቱን በሱ ሳለብስ፣ እቴቴ ፊቷ እንደከበደ አየሁና ላስቃት ብዬ ያንኑ አሮጌ ወሬ ጀመርኩ። ድብብቆሹን አወራሁ፣ ጩኸቴን እያስመሰልኩ አወራሁ፣ የአባዬን ሱሪ አወራሁ። ሁልጊዜ ሰው የሚስቅበት ቦታ ላይ ስደርስ አልሳቀችም። ያልተሸፈነው ዐይኗ ቅጠሉ ላይ ነበር።

«ስንዱ» አለችኝ፣ «በመስከረም እንሰት የሚነቀለው የት አገር ነው?»

ጥያቄው አልገባኝም።

«እንሰት የሚዛወረው በበጋ ነው። ጥር፣ የካቲት። መሬቱ ደርቆ፣ ዝናቡ ሊመጣ ሲል። በመስቀል ሰሞን እንሰት ነቅሎ የሚተክል ጉራጌ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንቺ የልደታ ልጅ ስለሆንሽ አታውቂም። መንደሩ ግን ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው ያን ያህል የሳቀው።»

ሊጡ እጄ ላይ ነበር። ልቀመጥ ፈለግሁ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ተቀመጥኩ።

«አባትሽ ነው የለመነኝ» አለች፣ ድምፅዋ ላይ ምንም ሳትጨምር። «ሱቁ ውስጥ ቆልፎብሽ መሄዱን ነገረኝ። አልቻልኩም፣ ውሰጂያት፣ አንቺ እናቷ ሁኝ አለኝ። ስንት ዘመን እግዜርን የለመንኩትን ነገር ወንድሜ በእጁ ይዞልኝ መጣ። መኝታሽን ሠራሁ። ጣባ አሠራሁ። ትተከል ያልኩት እኔ ነኝ፤ የእንሰት ሴት ነኝ፣ ሌላ ቃል ከየት ላምጣ? ከዚያ አንቺ ወጣሽ። አባትሽ አንቺን አየሽ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እንደማይሆን ዐይኑ ውስጥ አነበብኩት። ያን ጊዜ ነው ችግኟን ያሳየሽ። እሷ ደግሞ ጊዜዋ አልነበረም፣ ትሞታለች ብዬ ነበር። እሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ተሳቀበት እኮ። አንዴ የተሳቀበትን ነገር ማን ይመልሰዋል? አባትሽም እንዳትነግሪያት ብሎኛል፤ ልተዋት እንደነበር አትወቅ አለኝ።»

ግልገሏስ ምን ሆነች ብዬ ጠየቅኋት፤ ሌላ የምጠይቀው ጠፍቶኝ ነው። «ወለደች፣ የወለደቻቸውም ወለዱ» አለች። «ሁሉንም ስንዱ ነበር የምላቸው።»

ሊጡን ድስቱ ውስጥ አድርጌ፣ እሳቱን አስተካክዬ፣ ያንን ሁሉ ደረጃ ወረድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን እንደወረድኩ ዐውቅ ነበር። የድሮው ግቢያችን በግምቴ አሁን መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው፤ ቧንቧው የነበረበትን ፈልጌ፣ በሁለት መኪና መሐል እንደ ድሮው በጎኔ ገብቼ ቆምኩ። ሚዛን ላይ ላወጣው ሞከርኩ። ቤቱ ቀርቷል፤ ይሁን። እንሰቱ ቀርቷል፤ ይሁን። አባዬ፣ ለሚቆጡት ሁሉ ስኳር የሚመርቀው አባዬ፣ አንድ ውሸት እውነት እንዲመስልለት ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ተክል ውኃ ሲያጠጣ ኖረ፤ እኔ ደግሞ ተክሉን የሚወድ መስሎኝ ስቀናበት ኖርኩ። ላመሰግነው ይቅርና ሳልጠረጥረው ሞተ። እነዚህንም ልቻላቸው። ያልቻልኩት ያቺን አዲስ መኝታ ነው። ከሄድኩ በኋላ ማን አነሣት? የዚያን ቀን ነው ወይስ ቆይታ? እኔ በአውቶቡስ ውስጥ ችግኝ ታቅፌ ስዘፍን፣ አንዲት ሴት ከመኪናው መንገድ ወደ ቤቷ ስትመለስ ምን እያሰበች ተመለሰች? ያንን መጠየቅ የሚችል አፍ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ስመለስ ዳቦው በስሏል፣ ቤቱ በሽታው ተሞልቷል። እቴቴ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። አጠገቧ ሄድኩና ሙሉ ወንበሩ ላይ፣ በደንብ ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩት፤ አሁንም አይቸኩልም። ሁለተኛው ዐይንሽ ከዳነ በኋላም እዚሁ ሁኝ አልኳት። ሁለተኛዋ መኝታ ክፍል ባዶዋን ነው ያለችው፣ አልጋ አስገባልሻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ልደታ ቤተ ክርስቲያን አደርስሻለሁ፣ ጓሮሽን የሚያይ ሰው አይጠፋም። እናቴ ሁኝ ማለት አፍሬ እንጂ ያልኩት እሱን ነው።

እጄን መታ መታ አደረገችው። የሳሎኑን ግድግዳ አየችው፣ ወለሉን በምርኩዟ ነካችው፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያሉትን የማይቀመጡ ክሬኖች ባንድ ዐይኗ አየቻቸው። ከመጣች ጀምሮ ያላየሁት ፈገግታ ፊቷ ላይ መጣ።

«አይ ስንዱ» አለችኝ፣ «እኔም አልተከልም።»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ።